የድሮውን የቫሪያብል ስም ሰው ሳይጎዳ እንዴት ነው የሚሸኘው?

ናቲ_ፓይ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ፓይተን ላይ ነው የምሠራው። አምስት ቲሞች የሚጠቀሙበት አንድ የውስጥ ላይብረሪ አለ፤ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር የሚነጋገረውን ኮድ የያዘ ነው፤ የምንከባከበውም እኔ ነኝ። ውስጡ «ሴቲንግስ» የሚባል ሞጁል አለ። እዚያ ውስጥ ደግሞ «ታይምአውት» የሚባል ቫሪያብል አለ። ዋጋው 30 ነው።

ያስቸገረኝ ስሙ ነው። 30 ምን? ሰከንድ ነው ወይስ ሚሊሰከንድ? የላይብረሪውን ኮድ ከፍቶ ያላየ ሰው በምን ያውቃል? ከጥቂት ወራት በፊት አንዱ ቲም አምስት ሰከንድ ይሁንልኝ ብሎ 5000 ሰጠው። እኛ ጋ ግን ቁጥሩ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው። 5000 ሰከንድ ማለት አንድ ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ነው። ከወዲያ ያለው ሰርቨር መልስ መስጠት ያቆመ ቀን የእነሱ ሥራ በሙሉ ተንጠልጥሎ ቀረ። ልጆቹን መውቀስ አልችልም። ስሙ ነው ያሳሳታቸው።

ስለዚህ ስሙ «ታይምአውት_ሰከንድ» እንዲሆን ወሰንኩ። የድሮውን ወዲያው ብሰርዘው ደግሞ አምስቱም ቲም ጋ ኮድ ይሰበራል። ቀላል የመሰለኝን መንገድ ያዝኩ። አዲሱን ስም ጻፍኩ፣ ከሥሩ «ታይምአውት = ታይምአውት_ሰከንድ» የምትል አንድ መስመር ጨመርኩ፣ ላይብረሪው ውስጥ ያለውን ኮድ ወደ አዲሱ ስም ቀየርኩ፣ ቴስቱ አለፈ፣ ለቀቅኩት።

በማግስቱ ሌላ ቲም መጣብኝ። እነሱ ረጅም ሪፖርት ስለሚያወርዱ ፕሮግራማቸው ሲነሳ «ሴቲንግስ.ታይምአውት = 120» ብለው ይጽፋሉ። እኔ ከለቀቅኩት ሰዓት ጀምሮ ሪፖርታቸው 30 ሰከንድ ላይ እየተቆረጠ ነው። ስሙ መቀየሩን የሚናገር ኤረርም ዋርኒንግም የለም። የሚያዩት «ጊዜው አልፏል» የሚል መልእክት ብቻ ስለሆነ ኔትወርኩን፣ ሰርቨሩን፣ ዳታቤዙን ሲፈትሹ ዋሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ጥፋቱ የእኔዋ አንዲት መስመር ነበረች።

ለውጡን ወደ ኋላ መልሼዋለሁ። አሁን ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው፦ ሁለቱ ስሞች የእውነት አንድ ነገር እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል ወይ? የድሮውን የሚነካ ሰው እንዲያውቅስ ምን ላድርግ? እስከ መቼስ ነው የድሮውን የምሸከመው?

ቤዛ_ዴቭ

ናቲ፣ የደረሰብህ ነገር ብዙ ሰው ላይ የደረሰ ነው። «ታይምአውት = ታይምአውት_ሰከንድ» ስትል ፓይተን ሁለቱን ስሞች አያስተሳስራቸውም። ሁለት ስሞች ለጊዜው አንድ ቁጥር ላይ ጠቆሙ፣ በቃ። ከዚያ አንዱን ስም ወደ 120 ስታዞረው ሌላኛው የቆመበት ይቆማል። ዋጋው ዲክሽነሪ ወይም ሊስት ቢሆን ኖሮ ውስጡን ሲለውጡት በሁለቱም ስም ይታይ ነበር። ሰውን የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። በዲክሽነሪ ሞክሮት ሲሠራ ያያል፣ ከዚያ በቁጥር ይደግመዋል።

መጀመሪያ የተጠቃሚዎችህን ኮድ እይ። የድሮውን ስም ማንበብ ብቻ ነው ወይስ ይጽፉበታልም? መልሱ መንገዱን ይለየዋል።

ማንበብ ብቻ ቢሆን ነገሩ አጭር ነበር። ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ሞጁል ውስጥ «ጌትአትር» የሚባል ፈንክሽን መጻፍ ይቻላል፤ ከፊቱም ከኋላውም ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያለበት ነው። ፔፕ 562 ላይ (ፔፕ የፓይተን ለውጦች የሚጻፉበት ሰነድ ነው) ዝርዝሩን ታገኘዋለህ። ሞጁሉ ውስጥ የሌለ ስም ከውጭ ሲጠራ ፓይተን ወደዚህ ፈንክሽን ይመጣና «ይሄን ስም ታውቀዋለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አንተ እዚያ ውስጥ የተጠራው ስም «ታይምአውት» ከሆነ ዋርኒንግ ታወጣና የአዲሱን ዋጋ ትመልሳለህ፣ ሌላ ስም ከሆነ አትሪቢዩት ኤረር ትወረውራለህ። የድሮው ስም ግን የእውነት ከሞጁሉ መጥፋት አለበት። አንዲት መስመር ላይ እንኳ ከቀረ ፈንክሽኑ አይጠራም።

አንተ ጋ ግን ይጽፋሉ። ጌትአትር ደግሞ ለንባብ ብቻ ነው። አንድ ሰው «ሴቲንግስ.ታይምአውት = 120» ካለ ፓይተን ማንንም ሳይጠይቅ አዲስ ስም ሞጁሉ ላይ ይለጥፋል፣ አንተም ወደዚያው ጉድጓድ ትመለሳለህ። እንዲያውም ይብሳል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ሞጁሉ ላይ ስላለ ዋርኒንጉም ይጠፋል።

ለዚህ የሚሆነው የሞጁሉን ክላስ መቀየር ነው። ሲሰሙት ያስፈራል እንጂ አሥር መስመር አይሞላም። «ሞጁልታይፕ»ን የሚወርስ ትንሽ ክላስ ትጽፋለህ። ውስጡ «ታይምአውት» የሚባል ፕሮፐርቲ ታደርጋለህ፤ ሲነበብ የታይምአውት_ሰከንድን ዋጋ ይመልሳል፣ ሲጻፍ ታይምአውት_ሰከንድ ላይ ይጽፋል፣ ሁለቱም ጋ ዋርኒንግ አለ። ከዚያ ሞጁሉ መጨረሻ ላይ «ሲስ.ሞጁልስ» ውስጥ ራሱን ሞጁሉን ታገኝና ክላሱን በዚህ ትተካዋለህ። ይሄ ከ3.5 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። አሁን ዋጋው የሚኖረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የድሮው ስም በር ነው፣ ከኋላው ያለው ክፍል አንድ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ሞጁሉ ራሱ ውስጥ ያለ ኮድ ስሙን በነጥብ ሳይሆን በደረቁ የሚጠራ ከሆነ ፕሮፐርቲውም ጌትአትሩም አይደርሱለትም፣ ኔም ኤረር ነው የሚያገኘው። ስለዚህ የራስህን ቤት መጀመሪያ አጽዳ። ሌላው በኮከብ ኢምፖርት የሚያደርጉ፣ ማለትም የሞጁሉን ስሞች በአንዴ የሚያስገቡ ሰዎች ናቸው። የድሮው ስም ሞጁሉ ላይ ስለሌለ፣ «ኦል» ሊስቱ ውስጥ ካላስገባኸው በስተቀር፣ በኮከብ አይወጣላቸውም።

ዮኒ_77

ወንድሜ ይሄ ሁሉ ለአንድ ስም? የውስጥ ላይብረሪ ነው ብለሃል። አምስት ቲም ነው ብለሃል። አንድ ቀን ቁጭ ብለህ ሰርች አድርገህ ሁሉንም ቀይረው፣ ለእያንዳንዱ ቲም ፑል ሪኩዌስት (ለውጡን ተቀበሉኝ የሚል ጥያቄ) ላክ፣ በሚቀጥለው ቀን የድሮውን ሰርዝ። ዴፕሪኬት ማድረግ፣ ማለትም «ይሄን አትጠቀሙ» ብሎ ምልክት አድርጎ ለጊዜው ማቆየት፣ ማንነታቸውን የማታውቃቸው ተጠቃሚዎች ላሉት ሰው ነው። አንተ ሁሉንም በስም ታውቃቸዋለህ።

ደግሞ መሸከምም አንድ አማራጭ ነው። ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት በኤችቲቲፒ ውስጥ ከየት ገጽ እንደመጣህ የሚናገረው ሄደር የእንግሊዝኛ ፊደሉ ተሳስቶ ነው የተጻፈው፤ መሃሉ ላይ ሁለት «አር» ሊኖር ሲገባ አንድ ብቻ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1945 የሚባል የኢንተርኔት ሰነድ ውስጥ እንደተሳሳተ ገባ፣ ዛሬም እያንዳንዱ ብራውዘር እንደተሳሳተ ይልከዋል። ዩኒክስ ላይ ፋይል የሚፈጥረው «ክሪየት» መጨረሻው ላይ «ኢ» የለውም። ኬን ቶምፕሰን ዩኒክስን እንደገና ቢሠራ ምን እንደሚለውጥ ሲጠየቅ ያቺን «ኢ» እንደሚጨምር ተናግሯል። ግን ማንም አልሞተም። ስም ሲለመድ ይለመዳል።

ቤዛ_ዴቭ

ዮኒ፣ በመጀመሪያው ነገር ግማሽ መንገድ አብሬህ ነኝ። ኮዱ በሙሉ አንድ ሪፖዚተሪ (የኮድ ማከማቻ) ውስጥ ቢሆን ኖሮ እኔም ወዲያው ቀይረህ ገላግላቸው እለው ነበር። በየሪፖዚተሪው ከሆነ ግን ሰርች ሁሉንም አያገኝም። ስሙን በስትሪንግ የሚጠራ ኮድ አለ። ከኮንፊግ ፋይል (የማስተካከያ ፋይል) ስሙን አንብቦ «ሴትአትር» በሚባለው የሚጭን አለ። ኮዱ ውስጥ «ታይምአውት» የሚል ቃል ራሱ ላይኖር ይችላል።

በሁለተኛው ግን አልስማማም። የፊደል ግድፈት ሰውን አያሳስትም፣ ዓይን ይቆረቁራል እንጂ። የናቲ ስም ግን ያሳስታል፤ አሳስቷልም። መቼ ስም ይቀየር ለሚለው የእኔ መለኪያ ይሄ ነው። ውበት ለማሳመር ከሆነ ተወው። የሚያነበው ሰው የተሳሳተ ቁጥር እንዲጽፍ የሚያደርግ ከሆነ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ናቲ_ፓይ

ቤዛ በጣም ነው የማመሰግንሽ። ዮኒ አንተንም። ሪፖዚተሪው ለየብቻ ነው፣ የሁለቱን ቲም ኮድ እንዲያውም የማየት ፈቃድ የለኝም። የፕሮፐርቲውን መንገድ ልሞክረው ነው። የዋርኒንጉ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ትናንት ለሙከራ «ዴፕሪኬሽን ዋርኒንግ» ጨምሬ አንዱን ልጅ አስሞከርኩት፣ «ምንም አላየሁም» አለኝ።

ሳሚ_ዳታ

አላየም፣ ምክንያቱም ፓይተን ደብቆበታል። ከ2.7 እና ከ3.2 ወዲህ ዴፕሪኬሽን ዋርኒንግ ሳይጠየቅ አይታይም። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ ፕሮግራሙን የሚጠቀም ተራ ሰው ሊያስተካክለው የማይችለውን ነገር ለምን ይየው ነው። በኋላ ግን ፕሮግራመሮቹም ሳያዩት ቀሩ። በ3.7 ትንሽ ለቀቅ ተደረገ፣ በቀጥታ በተነሳው ፋይል ውስጥ ያለ ኮድ ያስነሳው ከሆነ ይታያል። ያ ልጅ የድሮውን ስም የሚጠራው ሌላ ሞጁል ውስጥ ሆኖ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጭጭ።

አማራጮችህ እነዚህ ናቸው። ፓይቴስት የሚባለውን የቴስት መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ቴስታቸው ሲያልቅ ከታች ይዘረዝርላቸዋል። ያ ብቻውን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይባላል፤ መቶ ዋርኒንግ መሃል አንድ ቢጨመር ማን ያያል? የሚሻለው ቴስት በሚሮጥበት ቦታ ላይ፣ ዴፕሪኬሽን ዋርኒንግ ሲመጣ እንደ ኤረር ተቆጥሮ ቴስቱ እንዲወድቅ ማድረግ ነው። ሁለተኛው መንገድ «ፊውቸር ዋርኒንግ» የሚባለውን መጠቀም ነው፣ እሱ ሳይጠየቅም ይታያል። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቨርዥን ዴፕሪኬሽን፣ ማስወገጃው ሲቃረብ ፊውቸር አደርገው ነበር።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ አለች፣ እሷን የረሳ ሁሉ ተጠቃሚውን ያሰቃያል። «ዋርን» ስትል «ስታክሌቭል» የሚባል ፓራሜትር አለ። ካልሰጠኸው 1 ነው፣ ዋርኒንጉም የሚጠቁመው የአንተን ሴቲንግስ ፋይል ነው። ተጠቃሚው ያየውና «የላይብረሪው ችግር ነው፣ እኔን አይመለከትም» ብሎ ያልፈዋል። 2 ስታደርገው የድሮውን ስም የጠራችውን የእሱን መስመር ከነፋይሏ ይነግረዋል። በቃ፣ ሰው ወደ መስመሯ ሄዶ ይቀይራታል።

3.13 ላይ «ዴፕሪኬትድ» የሚባል ዲኮሬተር መጥቷል ብሎ የሚነግርህ ሰው ይኖራል። እውነት ነው፣ ጥሩም ነው። ግን ለፈንክሽንና ለክላስ ነው፣ ቫሪያብል ላይ አይለጠፍም።

እስቲ ደግሞ ነምፓይ ከሚባለው የፓይተን የቁጥር ሥራ ላይብረሪ አንድ ታሪክ ላምጣ፣ እኔ ሥራ ላይ በየቀኑ ስለምነካው በደንብ የማውቀው ነው። ነምፓይ ውስጥ «ቡል»፣ «ኢንት»፣ «ፍሎት» የሚባሉ ስሞች ነበሩ። ራሱን የፓይተንን ቡልና ኢንት የሚጠቁሙ አሊያሶች (ተለዋጭ ስሞች) ናቸው እንጂ የነምፓይ የራሱ አልነበሩም። ሰው ግን የነምፓይ መስሎት ይጽፋቸዋል። በቨርዥን 1.20፣ በ2021 መጀመሪያ (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ዴፕሪኬት ተደረጉ። በ1.24፣ በ2022 መጨረሻ፣ ወጡ። ሁለት ዓመት ገደማ ተሰጠው ማለት ነው፣ እንዲያም ሆኖ በወጡ ሰሞን የስንቱ ኮድ ቆመ። ያዳናቸው ነገር ኤረሩ ነው። ባዶውን «እንዲህ የሚባል ስም የለም» አላለም። ስሙ ድሮ የፓይተኑ ቡል አሊያስ እንደነበር፣ አሁን በምን መተካት እንዳለበት እዚያው ላይ ተጽፏል። ስሙ ከሞተ በኋላም መቃብሩ ላይ አድራሻ ትተዋል።

ከዚያ በ2.0፣ በ2024፣ «ቡል» የሚለው ስም ነምፓይ ውስጥ ተመልሶ መጣ። አሁን ግን የሚጠቁመው የነምፓይን የራሱን ዓይነት ነው። «ትሩ የዚህ ስም ዓይነት ነው ወይ?» ብለህ በ«ኢዝኢንስታንስ» ብትጠይቀው ድሮ አዎ ይልህ ነበር፣ ዛሬ አይደለም ይልሃል። እነሱ በመሃል ስሙን ፈጽሞ አጥፍተው ስላቆዩት ብዙ ጉዳት አላደረሰም፤ የድሮው ኮድ አስቀድሞ በኤረር ተገድዶ ተስተካክሏል። አንተ ግን «ታይምአውት» ነጻ ወጣ ብለህ ነገ በሚሊሰከንድ እንዳትመልሰው። ያኔ ሰው 30 ብሎ ይጽፍና 30 ሚሊሰከንድ ያገኛል። አንዴ የሸኘኸውን ስም ለሌላ ትርጉም አትጥራው።

የጥንቱ_ጃቫ

እኔ ጃቫ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ከዚያው ከጃቫ ላካፍላችሁ።

ጃቫ ውስጥ ዴፕሪኬት ማድረግ የተጀመረው በቨርዥን 1.1፣ በ1997 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ያኔ ኮሜንት ላይ የሚጻፍ ምልክት ነበር። በ2004 ጃቫ 5 ላይ አኖቴሽን ሆነ፣ ኮምፓይለሩም በደንብ ያውቀው ጀመር። ፊልድም ሆነ ሜተድ ላይ ትለጥፈዋለህ፤ በዚህ በኩል ከፓይተን ይሻላል፣ ቫሪያብልን አያገልም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። «ዴፕሪኬትድ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ሆነ። ለአንዳንዱ «ይሄን አትጠቀም፣ የተሻለ አለ» ነው፣ ለአንዳንዱ «ይሄ በቅርቡ ይጠፋል» ነው። የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ለምሳሌ የ«ትሬድ» ክላስ ውስጥ «ስቶፕ» የሚባለው ሜተድ በ1.2፣ በ1998 ዴፕሪኬት ተደረገ። በትክክል መሥራት ያቆመው በጃቫ 20፣ በ2023 ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? በዚህ መሃል የተማረ ፕሮግራመር ያን ምልክት ሲያይ ምን ይማራል? ምንም እንደማይመጣ ይማራል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ አንድ ቀን የእውነት የሚወጣው ሲወጣ ደግሞ ዱብ ዕዳ ይሆንበታል።

ለዚህ ነው በ2017 ጃቫ 9 ላይ አኖቴሽኑ ውስጥ ሁለት ነገር የተጨመረው። አንዱ ከየትኛው ቨርዥን ጀምሮ እንደሆነ ይናገራል። ሌላው ሊወገድ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ይናገራል። ሊወገድ ነው ከተባለ ኮምፓይለሩ ሌላ፣ ጠንከር ያለ ዋርኒንግ ያወጣል፣ ሳትጠይቀውም ያሳይሃል።

ኮትሊን የሚባለው ቋንቋ ደግሞ ይሄን ወስዶ አሳምሮታል፣ እኔ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ዴፕሪኬት ስታደርግ ምትኩን አብረህ ትጽፋለህ፣ አይዲኢው (ኮድ የምትጽፍበት ፕሮግራም) ደግሞ ያን አንብቦ በአንድ ክሊክ ይቀይርልሃል። ደረጃም አለው። መጀመሪያ ዋርኒንግ ነው። በሚቀጥለው ቨርዥን ኤረር ታደርገዋለህ፣ ኮዱ አይነሳም ግን መልእክቱ አለ። ከዚያ ትደብቀዋለህ፤ አዲስ ኮድ አያየውም፣ ድሮ ኮምፓይል የሆነው ግን ይሠራል። ሰው እየተነገረው፣ እየተነገረው ይወጣል።

ስለዚህ ናቲ ልጄ፣ መልእክትህ ውስጥ ሦስት ነገር አይጥፋ፦ የድሮው ስም፣ አዲሱ ስም፣ የሚወገድበት ቨርዥን። «ይሄ ዴፕሪኬትድ ነው» ብቻ ብለህ የምትለቅ ከሆነ ባትለቀው ይሻላል። ሥራ ለበዛበት ሰው «ታዲያ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ ጨመርክበት እንጂ አልረዳኸውም።

ስንት ጊዜ ስጠኝ ካልክ ፓይተን ራሱ በፔፕ 387 ቢያንስ ሁለት ቨርዥን ዋርኒንግ ይሁን ይላል። አንዳንዴም በጣም ይረዝማል። «ኮሌክሽንስ» ውስጥ የነበሩ እንደ «ማፒንግ» ያሉ ስሞች በ3.3፣ በ2012 ወደ ሌላ ሞጁል ሄዱ፣ ከድሮው ቦታ የጠፉት በ3.10፣ በ2021 ነው። አንተ አምስት ቲም ነው ያለህ፣ ያን ያህል አያስፈልግህም። ግን ቀኑን ዛሬውኑ ጻፈው። ካልጻፍከው አታነሳውም፣ እኔ አውቀዋለሁ።

ኢማክስ_ወዳጅ

የሁላችሁንም አነበብኩ። ናቲ መጀመሪያ ላይ «ሁለቱ ስሞች የእውነት አንድ ነገር እንዲሆኑ ማድረግ ይቻላል ወይ?» ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ቋንቋው ራሱ የሚመልስበት ቦታ አለ፣ ኢማክስ ሊስፕ፤ ኢማክስ የሚባለው የጽሑፍ ኤዲተር የሚስተካከልበት ቋንቋ ነው። እዚያ «ዴፍቫርአሊያስ» የሚባል አለ። ሁለት ስም፣ አንድ ዋጋ። በአንዱ ስትጽፍ በሌላው ይነበባል፣ ፕሮፐርቲ ምናምን መገንባት የለም። ከእሱ በላይ ደግሞ የድሮውን ስም፣ አዲሱን ስምና ያረጀበትን ቨርዥን ተቀብሎ አሊያሱንም ምልክቱንም አንድ ላይ የሚሠራ ማክሮ አለ። የድሮውን ስም የሚጠራ ኮድ ኮምፓይል ስታደርግ «ይሄ ከዚህ ቨርዥን ጀምሮ ያረጀ ነው፣ በምትኩ ይሄን ተጠቀም» ይልሃል። ጋሼ ያሉት ሦስቱም ነገር ማለት ይቻላል አለው።

ግን እዚያም የምታሰናክል ነገር አለች፣ ለናቲም ትጠቅመዋለች። ቅደም ተከተል። የኢማክስ ተጠቃሚ ብዙ ጊዜ ማስተካከያውን የሚጽፈው ፓኬጁ ከመጫኑ በፊት ነው፤ የድሮውን ስም 120 አድርጎታል እንበል። ከዚያ ፓኬጁ ይጫናል። አሊያሱ ከአዲሱ ቫሪያብል ትርጉም በፊት የተጻፈ ከሆነ፣ ኢማክስ የተጠቃሚውን 120 ወስዶ ለአዲሱ ስም ይሰጠዋል፣ ትርጉሙ ሲመጣ ዋጋ እንዳለው አይቶ አይነካውም። ከኋላ የተጻፈ ከሆነ ግን አዲሱ ስም 30 ይዞ ይፈጠራል፣ ከዚያ የድሮው ስም ወደ እሱ ይታሰራል፣ የተጠቃሚው 120 ይጠፋል። ሁለት መስመር ቦታ በመቀያየሩ ብቻ። እኔ ይሄን አንድ ጊዜ አሳስቼ ለቅቄ ነበር። የሰው ማስተካከያ ሲጠፋ ሰውየው የሚያስበው ራሱ ያጠፋው ነው፣ ለዚህ ነው ያሳዘነኝ።

አንተ ጋም የድሮው ዋጋ አስቀድሞ የተቀመጠበት ቦታ ካለ፣ ኮንፊግ ፋይል ይሁን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል፣ ኮዱ ውስጥ ብቻ አሊያስ መሥራት አይበቃም። ፋይሉን የሚያነበው ክፍልም የድሮውን ስም ማወቅ አለበት። ሁለቱም ስሞች በአንድ ፋይል ውስጥ የተለያየ ቁጥር ይዘው ከተገኙ ደግሞ አንዱን በዝምታ አትምረጥ። ቁም፣ ኤረር አውጣ፣ ሁለቱንም ቁጥር አሳየው።

ናቲ_ፓይ

ሰላም፣ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ሆነ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቤዛ ያለችውን ፕሮፐርቲ ሠራሁት። መጀመሪያ ላይብረሪው ውስጥ ያለውን የራሴን ኮድ ፈተሽኩ፣ ሦስት ቦታ ላይ የድሮው ስም ቀርቶ ነበር፣ አንዱ ራሱ ሴቲንግስ ውስጥ። አጸዳሁ። አሁን የምሞክረው ቴስት አንድ ሳይሆን አራት ነው፦ በድሮው ጽፎ በአዲሱ ማንበብ፣ በአዲሱ ጽፎ በድሮው ማንበብ፣ ሁለቱም ጋ ዋርኒንግ መውጣቱ፣ ዋርኒንጉ የሚጠቁመው ፋይል የቴስቱ ፋይል መሆኑ። አራተኛው ለሳሚ ነው። መጀመሪያ ስሞክረው ስታክሌቭሉን ጌተሩ (ሲነበብ የሚሠራው) ላይ አድርጌ ሴተሩ (ሲጻፍ የሚሠራው) ላይ ረስቼው ነበር፣ ቴስቱ ያዘኝ።

መልእክቱን እንዲህ ጻፍኩት፦ «ሴቲንግስ.ታይምአውት በቨርዥን 4.0 ይወገዳል። በምትኩ ሴቲንግስ.ታይምአውት_ሰከንድ ይጠቀሙ። ቁጥሩ በሰከንድ ነው።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት ዋናው ችግር እሷ ስለነበረች ነው። ሰው ስሙን ሲቀይር ቁጥሩንም አንዴ እንዲያየው።

አሁን 3.5 ላይ ዴፕሪኬሽን ዋርኒንግ ነው፣ ሁሉም ቲም ቴስት ላይ እንደ ኤረር እንዲቆጥረው ጠይቄ እሺ ብለውኛል። 3.6 ላይ ፊውቸር ዋርኒንግ ይሆናል። 4.0 ላይ ስሙ ይወጣል፣ ኤረሩ ግን የድሮውን ስም አውቆ ወደ አዲሱ ይመራል፣ እንደ ነምፓይ። ጋሼ፣ የ4.0ን ቀን ቼንጅሎጉ (የለውጦች ዝርዝር) ላይ ጽፌዋለሁ፣ እርስዎ እንዳሉት።

የገረመኝ ነገር ደግሞ ይሄ ነው። ዮኒ እንዳለው ማየት የምችለውን ኮድ ሰርች አድርጌ ራሴ ቀየርኩላቸው። ማየት ከማልችላቸው ሁለት ቲሞች አንደኛው በራሱ አስተካከለ። የመጨረሻዎቹ «እኛ ጋ ያ ቃል የለም፣ ፈልገናል» አሉኝ። አመንኳቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ቴስታቸው ወደቀ። የተጠቆመችው መስመር ኮንፊግ ፋይል እያነበበች በሴትአትር የምትጭን ሉፕ ውስጥ ነበረች፤ መልእክቱ የቫሪያብሉን ስም ስለሚናገር ፋይሉ ውስጥ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ወዲያው አወቁት። ቁልፉ ላይ የነበረው ቁጥር 10000 ነበር።

ዛሬ ጠዋት 10 አድርገውታል።